ከዝይዋ ጎጆ አጠገብ የቆመው አባት



በኤሉል ወር በምናነበው «ኪ ቴጼ» በተባለው የኦሪት ክፍል ስለ ወፍ ጎጆ የተሰጠ ትእዛዝ አለ። ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከነጫጩቶቿ ወይም ከነእንቁላሎቿ አንድ ላይ መውሰድ አልተፈቀደለትም፤ አስቀድሞ እሷን መልቀቅ አለበት። ለዚህ የተገባው ዋጋ፣ መልካም ኑሮና ረጅም ዕድሜ፣ አባትና እናትን ለሚያከብር ከተገባው ጋር አንድ ዓይነት ነው። ራምባምም እናት ለልጇ በመሳሳት ሰውና እንስሳ እንደማይለያዩ ጽፏል። በሚሽና ዝይ በስሟ ተጠቅሳለች፤ ትእዛዙ የሚመለከታት በሰው ቤት የምትኖረው ሳትሆን ወጥታ በአትክልት ቦታ ጎጆ የሠራችው ናት። ወንዱን ግን ጠቢባኑ ከትእዛዙ ውጭ አድርገውታል።

ታዲያ አባትየው የት ነው ያለው?

የዱር ዝዮችን ያስተዋለ ሰው መልሱን ያገኘዋል። እንቁላሉን የምትታቀፈው እናቲቱ ናት። አራት ሳምንት ገደማ ከጎጆዋ የምትነሣው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሆነ በጣም ትከሳለች። ወንዱ አይታቀፍም፤ አጠገቧ ቆሞ ይጠብቃል። ጫጩቶቹ ተፈልፍለው ሣር ሊግጡ ሲወጡ እናቲቱ የጎደላትን ለመሙላት አንገቷን ደፍታ ትበላለች። እሱ አንገቱን ቀና አድርጎ ዙሪያውን ሲቃኝ ይውላል፤ ስለዚህ የሚበላው ከእሷ ያነሰ ነው። ልጆቹ እየጠነከሩ ሲሄዱ ጥበቃው ይቀንሳል።

(በጣና ዳር የምናውቀው የግብፅ ዝይ እዚህ እስራኤልም አለ፤ በዕብራይስጥ «የኦሪት» ይባላል። ለእኛ ጆሮ የኦሪት ወፍ ይመስላል፤ ስሙ ግን «የኦር» ከሚለው፣ ማለትም ከናይል፣ ከራሳችን አባይ የመጣ ነው።)

የዝዮቹ ሰዓት እኩል አልተከፈለም፤ እኛ ግን ፍትሕ የጎደለው አይመስለንም። የተከፈለው በሰዓት ቁጥር ሳይሆን ማን ተጎዳ፣ ማንስ አሁን ይችላል ተብሎ ነው።

የእኛ ችግር ሌላ ነው። በጎንደር ልጅ ከአባቱ ጋር እርሻ ይውል ስለነበር ማብላትና መጠበቅ አንድ ቦታ ላይ ነበሩ። አፉላ ላይ ግን ስንቱ አባት በጥበቃ ሥራ የሰው በር ሲጠብቅ አድሮ ቤቱ የሚደርሰው ልጁ ወደ ትምህርት ቤት ሲወጣ ነው። እንጀራ ማምጣቱን ማንም ሊያቃልልበት አይገባም። ቢሆንም እንጀራው አንገቱን ቀና አድርጎ ልጁን አይቃኝለትም፤ ቤት በሚገኝባት አንድ ሰዓት ቴሌቪዥን ላይ ካፈጠጠ ደግሞ ያች ሰዓትም ሄደች።

ሽማግሌዎቻችንና አሮጊቶቻችን የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ ማንበብ ስላቃታቸው ብቻ ድርሻችን አለቀ ሲሉ እንሰማለን። በዚህ አንስማማም። ልጁ ማታ ሲገባ «የት ዋልክ? ከማን ጋር ነበርክ?» ለማለት ዕብራይስጥ አያስፈልግም፤ በአማርኛም በትግርኛም ይጠየቃል፣ ልጁ በዕብራይስጥ ቢመልስም።