የብርቅ ዕቃ ዋጋ



ለአንባቢ ሰላምታ ስናቀርብ የምንጠቀምበት «ውድ» የሚለው ቃል በገበያም ይነገራል። ለወዳጅ ሲባል የተወደደ ማለት ነው፤ ለጤፍ ሲባል ግን ዋጋው የናረ ማለት ነው። «ብርቅ» የሚለውም እንዲሁ ነው። ከሩቅ አገር የመጣ ዘመድ ብርቅ ነው፣ ተለምኖ የተገኘ ልጅ ብርቅ ነው፣ ዓይነቱ እምብዛም የማይገኝ ዕቃም ብርቅ ነው። ቋንቋችን ፍቅርን፣ ዋጋንና ጥቂትነትን በሁለት ቃላት ጠቅልሎ ስለሰጠን አንዱ ከሌላው የሚለይበትን ቦታ ብዙ ጊዜ ልብ አንለውም። በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የፈለግሁት ጥያቄ ይኸው ነው። አንድ ነገር ጥቂት በመሆኑ ብቻ ይከብራልን? ብርቅ የሆነውን ነገር በእጁ የያዘ ሰውስ ለሌላው ምን ዕዳ አለበት?

ምሳሌዬ ለዚህ መጽሔት አንባቢ እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በፊት የተሠሩ የቤት ኮምፒዩተሮችና ከቴሌቪዥን ጋር የሚያያዙ የጨዋታ መሣሪያዎች ናቸው። እነዚህ አሮጌ ዕቃዎች ዛሬ በውጭው ዓለም በጨረታ ይሸጣሉ፤ ዋጋቸውም አንዳንድ ጊዜ ጆሮን የሚያስገርም ነው። አፕል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣው የመጀመሪያ ኮምፒዩተር ቁጥሩ ሁለት መቶ ያህል ብቻ ነበር። በጊዜው 666 ዶላር ከ66 ሳንቲም ይሸጥ ከነበረው ከዚህ ማሽን አንዱ እ.ኤ.አ. በ2014 በ905,000 ዶላር ተሸጠ። የገዛው በአሜሪካ የሚገኘው የሄንሪ ፎርድ ሙዚየም ነው። ይህ ይገባኛል፤ ጥቂት የተሠራና የብዙ ነገር መነሻ የሆነ ዕቃ ሕዝብ በሚያየው ቦታ ተቀመጠ።

ሁለተኛው ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም። ሱፐር ማሪዮ 64 የተባለው የኒንቴንዶ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1996 ወጥቶ ወደ 12 ሚሊዮን የሚጠጋ ቅጂ ተሽጧል። እንዲህ ያለውን ነገር ብርቅ ማለት ከቶ አይቻልም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2021 ከእነዚሁ ቅጂዎች አንዱ በ1,560,000 ዶላር ተሸጠ። ምክንያቱም የፋብሪካው ማሸጊያ ሳይቀደድ በመልካም ሁኔታ መቆየቱ ነው። ማንም ልጅ አልተጫወተበትም፤ የገዛውም ሰው አይከፍተውም፤ በከፈተበት ቅጽበት ገንዘቡ እንደ ጉም ይበተናልና። ለጨዋታ የተሠራ ዕቃ ሳይጫወቱበት በመቆየቱ ከበረ። እዚህ ላይ የተከፈለው ገንዘብ ለዕቃው ጥቅም አይመስለኝም፤ ላልነካው እጅ ነው።

ከዚህ የባሰ የሚያስቀው የአታሪ ነገር ነው። ይህ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1983 ገዢ ያጡ የጨዋታ ካርትሪጆቹን በአሜሪካ፣ በኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ አላሞጎርዶ በተባለች ከተማ የቆሻሻ መጣያ ቀበራቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 ጉድጓዱ ተቆፍሮ 1,300 ያህሉ ወጡ፤ ከእነዚህም ለጨረታ የቀረቡት ከ100,000 ዶላር በላይ አስገኙ። በመደርደሪያ ላይ ሳሉ ማንም ያልፈለጋቸው ካርትሪጆች፣ ከነአፈራቸውና ከነሽታቸው ከመቃብር ሲወጡ ተፈላጊ ሆኑ። በካርትሪጆቹ ውስጥ ያለው ጨዋታ በእነዚያ ሠላሳ አንድ ዓመታት አልተሻሻለም፤ የተለወጠው የሰው ዓይን ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ጢቾ የገላማ ተራሮች ወደ ምሥራቅ በሚወርዱበት ደጋ ላይ ያለች፣ ገብስና ስንዴ የሚበቅልባት ከተማችን ናት። ኮሞዶር 64 የተባለው የቤት ኮምፒዩተር እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ ሲቀርብ ዋጋው 595 ዶላር ነበር። ያን ጊዜ አንድ ዶላር በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ስለሚመነዘር በእኛ ገንዘብ 1,230 ብር ገደማ መሆኑ ነው። በዚያ ብር በጢቾ ገበያ ስንት በሬ ይገዛ እንደነበር አዛውንቶቻችን ያስሉት! ያ ኮምፒዩተር ከአሥር ሚሊዮን በላይ ስለተሸጠ በሌላው ዓለም ብርቅ አልነበረም፤ ዛሬም በመጠነኛ ዋጋ ይገኛል። በእኛ ደጋ ግን ብርቅ ነው ለማለት እንኳ የማይመች ነው፤ ያልመጣ ነገር ጠፋ አይባልም። እንግዲህ ብርቅነት አንድ ሥር ብቻ እንደሌለው እናያለን። ጥቂት ብቻ የተሠራ አለ፤ ብዙ ተሠርቶ የተጣለ አለ፤ ብዙ ተሠርቶ ለድሃ ያልደረሰም አለ። የጨረታው መዶሻ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ያከብራል፤ ሦስተኛውን ግን አያውቀውም።

ለእኛ የደረሰን ዘግይቶ ነው፤ እሱም ቅጂው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. «ቲቪ ጌም» እየተባለ ከመርካቶ ይመጣ የነበረው መሣሪያ፣ ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1983 በጃፓን ያወጣውን አስመስሎ የተሠራ ርካሽ ዕቃ ነበር። በካርትሪጁ ላይ የጨዋታዎቹ ብዛት 9999 ተብሎ ይጻፍና ሲከፈት አሥር የማይሞሉ ጨዋታዎች ስማቸውን እየለዋወጡ ይደጋገማሉ። (የሐሰት ምስክርነትን ለሕፃናት ለማስረዳት የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።) በምኖርበት ሰፈር ያለው አንድ ቤት ብቻ ነበር። ልጆች ሳንቲማችንን ይዘን በደጁ እንሰለፋለን፤ ባለቤቲቱ ሰዓት ትቆጥራለች፤ መብራት የጠፋበት ልጅ ያልጨረሰው ተራ ለነገ ይያዝለታል። ጥል ነበር፣ ማጭበርበር ነበር፣ ለደብተር የተሰጠ ገንዘብም እዚያ ቀርቷል፤ ስለዚህ ያን ጊዜ በናፍቆት አስጊጬ ላቀርበው አልሻም። ይሁን እንጂ አንድ ነገር እውነት ነው። መሣሪያው ብርቅ በመሆኑ የሰፈሩ ሁሉ ሆነ። እጅ የበዛበት ቁልፍ ተበልቶ አለቀ፤ ከአሮጌ ጫማ በተቆረጠ ጎማ ተተካ፤ ያም አለቀ። በመጨረሻ አስማሚው ተቃጠለና ተጣለ። ዛሬ ቢገኝ ኖሮ ማንም ሰብሳቢ አምስት ሳንቲም አይከፍልበትም። እኔ ግን በሚሊዮን ዶላር ከተሸጠው ያልተከፈተ ጨዋታ ይልቅ የተፈጠረበትን ዓላማ የፈጸመው ይህ ነው ባይ ነኝ።

ታዲያ ያልተነካ ዕቃን ማክበር የባለጠጎች አገር በሽታ ብቻ ነው ብለን ራሳችንን እንዳናጸድቅ። ቴሌቪዥኑን በዳንቴል ሸፍነን ለእንግዳ ብቻ የምንከፍት እኛ አይደለንምን? በአንድ ትምህርት ቤት ያየሁትን ልንገራችሁ። ከውጭ በእርዳታ የመጡ ኮምፒዩተሮች «እንዳይበላሹ» ተብሎ በአንድ ክፍል ተቆልፎባቸው፣ ቁልፉም በአንድ ሰው ኪስ ሆኖ ዓመታት አለፉ። ክፍሉ ሲከፈት ፕላስቲካቸው እንደ አዲስ ያብረቀርቅ ነበር፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ግን አልሠሩም። ያልተነካ ዕቃም ያረጃልና ነው። በውስጡ ያለው ትንሽ ባትሪ ይፈስና የመዳቡን መስመር ይበላዋል፤ ኃይል የሚያጠራቅሙት ክፍሎች ይደርቃሉ፤ እርጥበትና አቧራ የቀረውን ይጨርሳሉ። የቆለፈው ሰው ሌባ አልነበረም፤ ጠንቃቃ ነበር። ነገር ግን ጥንቃቄው ለዕቃው እንጂ ዕቃው ለተላከላቸው ልጆች አልነበረም፤ እነዚያ ልጆች ኮምፒዩተር በእጃቸው ሳይነኩ ትምህርታቸውን ጨረሱ።

በሌላ በኩል ደግሞ «ተጠቀምበት፣ ሲያልቅ ጣለው» ማለትም ሙሉ መልስ አይሆንም። በዚህ ላይ ሳስብ ትዝ የሚለኝ ደጋ አጋዘን ነው። ከአገራችን ደቡብ ምሥራቅ ደጋዎች በቀር በዓለም የትም የማይገኘው ይህ እንስሳ በአሥር ሳንቲም ላይ ተቀርጾአል። ብርቅዬው እንስሳ በረከሰው ሳንቲም ላይ! የውጭ ሳይንቲስቶች ስም የሰጡት እ.ኤ.አ. በ1910 ነው፤ ከዚያ በፊት ለአርሲ እረኛ የዘወትር ጎረቤት ስለነበር ብርቅ አልነበረም። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንደሚባለው ነው። ይህ እንስሳ ካለቀ መልሶ የሚሠራው ሰው የለም። ማሽን ግን እንዲህ አይደለም፤ ዛሬ የኮሞዶር 64ን ጠባይ ቁልጭ አድርጎ የሚያስመስል ፕሮግራም በእጅ ስልክ ላይ ሳይቀር ይሠራል። እንግዲያውስ አሮጌው ማሽን ቢጠፋ ምን ይጎድላል? ለብዙ ጊዜ «ምንም» እል ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝ የሚከተለው ነው።

ስሙን መጥቀስ በማያስፈልግ አንድ ቦታ፣ አሁን በሕይወት የሌሉ አረጋዊ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ነበሩ። የሕፃናትን ትምህርት ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ፣ የሽማግሌዎችን ምሳሌያዊ ንግግርም ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ እየመለሱ ለዓመታት ጽፈዋል። ጽሑፋቸውን በእርዳታ በተገኘ ኮምፒዩተር አንዲት ወጣት ትተይብላቸውና በዲስኬት ታስቀምጥላቸው ነበር። እርሳቸው ካረፉ በኋላ ክፍሉ ለሌላ ሥራ ተፈለገ። በዚያ ሰሞን ቁራሊዮ በመንደሩ እየጮኸ ሲያልፍ ተጠርቶ ኮምፒዩተሩ ከተሰበሩ ወንበሮች ጋር በኪሎ ተሸጠለት፤ የተከፈለውም ገንዘብ ለአንድ ሊትር ዘይት የሚበቃ አልነበረም። በቁራሊዮው ላይ የማነሣው ወቀሳ የለኝም። እርሱ የሰበሰበው በአዲስ አበባ ምናለሽ ተራ ተፈታትቶ ብረቱ ምድጃ፣ ሽቦው ለሌላ ሬዲዮ ሕይወት ይሆናል፤ የእርሱም ልጆች በዚያ ይበላሉ። በሻጮቹም ላይ ክፋት አላየሁም፤ ቦታ ማስለቀቅ ነበር ሐሳባቸው። የወረቀቱ ቅጂ በውሰት ወጥቶ አልተመለሰም። አሥራ አንዱ ዲስኬቶች ግን የሚገዛቸው ስለጠፋ በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ቀሩ።

ለወጣት አንባቢዎቻችን አንድ ነገር ማስረዳት ይኖርብኛል። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ሥርዓት የእኛን ፊደል የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ አስቀድሞ፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ እንደ አጋፋሪ፣ ብራና፣ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ያሉ ፕሮግራሞች ፊደላችንን እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ዘዴ በላቲን ፊደላት ስፍራ ላይ ያስቀምጡት ነበር። አንዱ የጻፈውን ሌላው አያነበውም። ፕሮግራሙ በሌለበት ማሽን ሲከፈት «አባታችን» ብሎ የተጻፈው የላቲን ፊደላትና የነጥቦች ክምር ሆኖ ይታያል። ስለዚህ በየቁምስናው፣ በየመሥሪያ ቤቱና በየሰው ሣጥን በዚያ ዘመን የተጻፈ ስንት ጽሑፍ ተቆልፎ እንደቀረ መገመት አያስቸግርም። በኪሎ የተሸጠው ማሽን ለዓለም ብርቅ አይደለም፤ እርሱን የመሰለ በብዙ ሚሊዮን ተሠርቶአል። ለእነዚያ አሥራ አንድ ዲስኬቶች ግን ቁልፋቸው ነበር። አፕልን ለመግዛት ሙዚየም ተሽቀዳደመ፤ ይህን ግን «ለመሆኑ በውስጡ ምን አለ?» ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም። መጠየቅ ደግሞ ምንም አያስከፍልም ነበር።

ዲስኬቶቹ አሁን በእኔ ዘንድ ናቸው። ከአዲስ አበባ ባስመጣሁት ማንበቢያ ሞክሬ ከአሥራ አንዱ አራቱ ተከፈቱ፤ የታየውም ያው የላቲን ክምር ነበር። ብዙ ከጠየቅሁ በኋላ አሰላ ውስጥ ማመልከቻና የፈተና ወረቀት የሚተይብ አንድ ሰው አገኘሁ። ከሱቁ ጥግ፣ ከጆንያ በታች፣ የድሮው ፕሮግራም ያለበት ኮምፒዩተር ነበረው። ቁራሊዮ ደጋግሞ ጠይቆታል፤ አልሸጠውም። ለምን እንዳልሸጠው ብጠይቀው፣ አልፎ አልፎ አሮጌ ጽሑፍ ይዞ የሚመጣ ሰው ስላለ ባዶ እጁን መመለሱ እንደሚከብደው ነገረኝ። ማሽኑ ብርቅ እንደሆነ አልነገርሁትም፤ የሚያስከፍለኝም በገጽ ነው።

የመጀመሪያው ዲስኬት ሲከፈት ክምሩ ተገለጠና የእርሳቸው አማርኛ በመስታወቱ ላይ ወጣ፤ ርእሱ «ለሕፃናት የተዘጋጀ» ይላል፤ «የተዘጋጀ» ላይ የተሳሳተችው ፊደልም ሳትታረም እንዳለች ነበረች። ገጹን በወረቀት እያተምን እኔ በአዲሱ ሥርዓት እንደገና እተይበዋለሁ። ማሽኑ ሲሞቅ በራሱ ስለሚጠፋ በአንድ ቀን ከአሥር ገጽ በላይ አያወጣም። እስካሁን ሠላሳ ሁለተኛው ገጽ ላይ ደርሰናል።