የጎመን ምንቸት ለምን ይውጣ?

መስከረም ጠብቶ አደይ ሲፈነዳ በብዙ ቤት የሚሰማ አባባል አለ፦ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ»። የክረምቱ ችግር ከቤት ይውጣ፣ የአዲሱ እህል ጥጋብ ይግባ ማለት ነው። ዛሬ በከተማ የዘመን መለወጫ መልካም ምኞት ሆኗል። የተወለደው ግን በገበሬው ጓሮና ጎተራ መካከል ስለሆነ፣ እውነቱም መመርመር ያለበት እዚያው ነው።

በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ዘመነ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ይዘልቃል። ለደጋውና ለወይና ደጋው ገበሬ እነዚህ ወራት ሥራ የሚበዛባቸው፣ እህል የሚያጥርባቸው ናቸው። ጤፍ በሐምሌ ይዘራል፤ ነሐሴ አረም ነው፤ ጤፉ የሚታጨደው ግን ከኅዳር ጀምሮ ነው። ጎተራው እየጎደለ፣ የቀረውም ለዘር ተለይቶ፣ ጉልበት የሚጠይቀው ሥራ ሁሉ በዚያው ላይ ይደራረባል። እህል ተበድሮ በመኸር በእጥፍ የመክፈል ወይም በግ ጎትቶ ገበያ የመውጣት ሐሳብ ቤቱን የሚፈትነው ያን ጊዜ ነው።

የጎመን ምንቸት እሳት ላይ የሚጣደው ለዚህ ነው። የሐበሻ ጎመን ዝናብ ካገኘ በሳምንታት ውስጥ ለምግብ ይደርሳል። ብልህ ባለቤት ከሥር ያሉትን ሰፋፊ ቅጠሎች ብቻ እየቀነጠሰች ጫፉን ትተወዋለች፤ ጎመኑም መልሶ ያቆጠቁጣል። ጥሩ ጥሩውን ግንድ ደግሞ ሳትነካ ለጎመን ዘር ታቆየዋለች። ቤት ውስጥ ልጆች እየራባቸው ለከርሞ ዘር መተው ቀላል ነገር አይደለም። ያ ዘር በኋላ ምጣድ ይታሰስበታል፣ ዘይት ይሆናል፣ ተመልሶም ይዘራል።

ጎመኑን የሚያፋፋው በረቱ ነው። በበጋ እበቱ ተጠፍጥፎ ኩበት ይሆናል፤ በክረምት ግን የሚያደርቅ ፀሐይ ስለሌለ እየተዛቀ ጓሮ ይደፋል። ማሳው ሁሉ ስለተዘራ ከብቱ ልቅ አይለቀቅም፤ ልጆች ገሳ ደርበው በዳር በዳሩ ይጠብቁታል። ሳሩ ለምልሞ ላሟ ወተት መጨመር ስትጀምር ደግሞ ነሐሴ 1 የፍልሰታ ጾም ይገባል። ጿሚው ጎመኑን ሲበላ ወተቱ እርጎ ሆኖ ይናጣል፤ ቅቤውም ይጠራቀማል።

እንግዲህ የመስከረሙን ገንፎ እንየው። የሚሠራበት ገብስ ገና እሸት ሳለ ታጭዶ ያላለቀው ቤተሰቡ ሌላ የሚበላው ስለነበረ ነው። በመሐሉ የሚፈሰው ቅቤም በጾሙ ሰሞን ከተናጠው የተረፈ ነው። የገንፎውን ምንቸት ያስገባው የጎመኑ ምንቸት ነው። አባባሉ ግን ባለውለታውን «ውጣ» ብሎ ያሰናብተዋል። ይህ ያሳዝነኛል።

አባባሉ በሁሉም ቦታ እኩል አይሠራም። በሰሜን ሸዋና በወሎ ከፍተኛ ቦታዎች በበልግ ዝናብ የሚያርሱ ገበሬዎች ገብሳቸውን የሚያገኙት ሰኔና ሐምሌ ላይ ነው፤ በልጉ ከሰመረላቸው ገንፎው መስከረምን አይጠብቅም። በጎጃም ደጋ ድንች የክረምቱን ረኃብ ብዙ አቅልሎታል። በሌላ በኩል በአብዛኛው ጤፍ ለሚዘራ ቤት የመስከረሙ አዋጅ ይፈጥናል፤ አደይ ቢፈካም ጎተራው ገና ባዶ ነው፤ እሸት በቆሎ ነው የሚያሻግረው። ስለዚህ መስከረም ላይ «ግባ» ማለት አንዳንዱ ቤት የያዘውን ማመስገን፣ ሌላው ቤት ደግሞ ገና ያላየውን ተስፋ ማድረግ ነው።

ምርቃትነቱን እወደዋለሁ። ከሦስት ወር ጭቃና ጭስ በኋላ ሰው ችግሩን በስሙ ጠርቶ ከደጁ ቢያስወጣ መብቱ ነው። ችግሩ የሚመጣው ጎመን የድህነት ምልክት ሆኖ ከገበታ ሲጠፋ ነው። ገንፎ ጉልበት ይሰጣል፤ አራስም ታገግምበታለች። ለዓይን የሚበጀው ቫይታሚን ኤ እና ለአጥንት የሚሆነው ካልሲየም በብዛት ያለው ግን ጎመኑ ውስጥ ነው። እህል ሲገባ ጎመኑ ከልጆች ሳህን ከወጣ ጥጋቡ ጎዶሎ ነው።

እኔ አባባሉን እንዲህ እረዳዋለሁ፦ መውጣት ያለበት ሌላ አማራጭ የሌለው ቤት ጎመን ብቻ የሚቀቅልበት ችግር ነው። ችግሩን ለማስወጣት ዘር በጊዜ ማግኘት፣ ወለዱ የማያስመርር ብድርና በክረምት የሚያስኬድ መንገድ ያስፈልጋል፤ ምኞት ብቻውን አይበቃም። ምንቸቱ ራሱ ግን ይቆይ። ገንፎው ሲገባ ቦታ ይልቀቅለት እንጂ ከቤት አይውጣ፤ በሚመጣው ሐምሌ የምንጠራው እሱኑ ነውና።