ስሌትና እምነት በቶሮንግ ላ መንገድ

በጥቅምት የኔፓልን አናፑርና በተራራ ብስክሌት ለመዞር እየተሰናዳሁ ነው። የክረምቱ ዝናብ ያኔ ያባራል፤ ከባዱ ብርድም ገና አይገባም። ከፍተኛው ማለፊያ ቶሮንግ ላ 5,416 ሜትር ላይ ነው፤ ከራስ ዳሸን ጫፍ በብዙ ይበልጣል።

የንስሐ አባቴ የጉዞ ዝርዝሬን አይተው፣ «ልጄ፣ ሁሉን ቀን ሞልተኸዋል፤ ለእግዚአብሔር የትኛውን ተውክለት?» አሉኝ። ቅዱስ ያዕቆብ በመልእክቱ ነገ ሄደን ነግደን እናተርፋለን የሚሉትን ይገሥጻል። በሉቃስ ወንጌል ደግሞ ጌታ ግንብ ሊሠራ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚያሰላ ያስተምራል። ታዲያ ማስላት እምነት ማጣት ነው?

አይመስለኝም። ትርፍ የፍሬን ሸራና ሰንሰለት ሳይዝ «እሱ ያውቃል» ብሎ የሚወጣ ሰው የተማመነው ነገ ተሸክሞ በሚያወርደው የመንደር ሰው ጀርባ ነው። ያዕቆብ የነቀፈው ነገን የራስ ንብረት ማድረግን ነው፤ ስሌቱን አልነቀፈም።

ተራራውም እያሰሉ ነገን የራስ አለማድረግን ያስገድዳል። ሐኪሞች የከፍታ ሕመም እንዳይዛችሁ ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያችሁን ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አትጨምሩ፣ በየሦስት አራት ቀኑም እረፉ ይላሉ። አዲስ አበባ ማደጌም ሆነ የእግሬ ጉልበት ከዚህ ደንብ ነጻ አያወጣኝም። ስለዚህ ከማለፊያው በፊት ባለችው ማናንግ መንደር ባዶ ቀናት ጨመርኩ፤ ራስ ምታት ከጀመረኝ ወደ ላይ እንዳልቀጥል፣ ከባሰብኝም እንደምወርድ ከወዲሁ ወሰንኩ። መመለስን በእቅዱ የጻፈ ሰው ነገ የእሱ እንዳልሆነ አምኗል። ለንስሐ አባቴ ጥያቄ ያለኝ መልስ ይኸው ነው።