አንድ ድምፅ ሲጨመር

ሐረር ጁገል ውስጥ ሠርግም ሐዘንም የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። አፎቻ የሚባለው የጎረቤትና የዘመድ ማኅበር ድካሙን ይካፈላል፤ ወንዶቹ የራሳቸው አላቸው፣ ሴቶቹም የራሳቸው። ሠርግ ሲሆን ሴቶቹ ከበሮአቸውን ይዘው ይገቡና አንዷ ስታወጣ ሌሎቹ እየተቀበሉ ያመሻሉ። በሰፈራችን በቅርቡ ያገባች ልጅ ከዘፋኞቹ ጋር ልሁን ብላ ስትጠይቅ ሴቶቹ ለሁለት ተከፈሉ። ገሚሶቹ «ትግባ፣ ጉሮሮ አንሶናል» አሉ፤ ገሚሶቹ «ተስማምቶ የኖረውን ዜማ ለምን እንነካካለን?» አሉ። ክርክሩ የእነሱ ነው። ጥያቄው ግን እኔንም ያዘኝ፦ አብሮ የሚያዜም ቡድን አንድ ሰው ሲጨመርበት ይጠቀማል ወይስ ይጎዳል?

ተረትና ምሳሌያችን አልገላገለኝም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላል አንዱ፤ «ሴት ሲበዛ ጎመን ጠነዛ» ይላል ሌላው። እንዳመቸን አንዱን ወይ ሌላውን እናነሳለን። ሁለቱም ግን ዋናውን ነገር ዘለውታል፦ ስንት ላይ ስንት ሲጨመር? ስለዚህ ከቁጥሩ ልጀምር አልኩ።

ሰው ሲጨመር ዘፈኑ ይደምቃል ይባላል። ድምቀት ማለት የድምፅ ጉልበት ከሆነ ስሌቱ ይህን አይደግፍም። የዘፋኞቹ ቁጥር እጥፍ ሲሆን ድምፁ ከፍ የሚለው በ3 ዴሲቤል ገደማ ብቻ ነው። ጆሮ «እጥፍ ጎላ» እንዲል ወደ 10 ዴሲቤል ጭማሪ ይፈልጋል፤ ይህም አሥር እጥፍ ሰው ማለት ነው። አሁን ባሉት ሰባት ሴቶች ላይ ስምንተኛ ብትመጣ ጭማሪው አንድ ዴሲቤል እንኳ አይሞላም። ሠርገኛው ልዩነቱን አይሰማም። እንግዲህ ልጅቱን ለጉልበት ሲባል ማስገባት ምክንያት አይሆንም።

ታዲያ ምን ትጨምራለች? ይህን እያሰብኩ ወደ አንድ የመውሉድ ምሽት ተጠራሁ። ቤቱ ገይ ጋር የሚባለው ባህላዊ የሐረሪ ቤት ነው፤ ነደባ በሚባለው በቀይ አፈር በተቀባ መደብ ላይ ታላላቆቹ ከፍ ብለው፣ ወጣቶቹ ዝቅ ብለው ተቀምጠዋል። ካራቡ የሚባለው ከበሮ ይመታል፣ ከበል የሚባሉት ጥንድ እንጨቶች ይጋጫሉ፣ አንዱ ዚክሪ የሚባለውን መንፈሳዊ ዜማ ሲያወጣ ሌላው ይቀበላል። ዓይኔን አንድ ሽማግሌ ላይ ጣልኩ። በስንኙ መካከል ዝም አሉ፤ ቡናቸውን አንስተው ፉት አሉ፤ ስኒውን አስቀመጡና ሌሎቹ ከደረሱበት ቃል ላይ ተቀላቀሉ። ዜማው አልተቆረጠም። ዚክሪ ሰዓታት የሚፈጅ ነገር ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን አይዘልቀውም። ሦስት ሆነው ሲያዜሙ አንዱ ትንፋሽ ሲስብ ከዜማው ሲሶው ይጎድላል፤ አሥር ሲሆኑ የሚጎድለው አንድ አሥረኛ ነው። የተጨማሪ ሰው ስጦታው ለሌሎቹ የሚሰጠው ዕረፍት መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳሁ።

መልሱን ያገኘሁ መስሎኝ ነበር፤ ግን ሌላ ጥርጣሬ መጣ። ትንፋሽ መስጠት ጥሩ ነው፤ ድምፆቹ ባይገጥሙስ? ሁለት ሰዎች አንድ ዜማ ሲያዜሙ የአንዱ ድምፅ ከሌላው ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ድምፁ ይርገበገባል፤ ጆሮም ሁለቱን ለይቶ ይይዛቸዋል። አምስት ስድስት ሲሆኑ ግን ትንንሾቹ ልዩነቶች እርስ በርስ ይዋዋጣሉ። ስለዚህ በአንድ ሰው ላይ ሁለተኛ መጨመር ከባድ ነው፤ በሰባት ላይ ስምንተኛ መጨመር ግን ቀላል። ለምሳሌ ሶፕራኖ፣ አልቶ፣ ቴነርና ባስ በሚባሉ አራት የድምፅ መስመሮች ተከፋፍለው የሚዘምሩ አራት ሰዎችን እናስብ። አምስተኛው ሲመጣ የግድ ከአንዱ ጋር ይደረባል፤ ያም መስመር ከሁሉ አስቸጋሪ በሆነው ቁጥር፣ በሁለት ሰው ላይ ይወድቃል። እንዲህ ያለ ቡድን አዲስ ሰው ሲፈራ አልፈርድበትም። ሰው ጨመረ ማለት ሥራውን ሁሉ እንደገና ጀመረ ማለት ነው። አንድ ዜማ በኅብረት የሚቀበል የሐረር ቡድን ግን ይህ ፍርሃት አይገባውም።

ይህን ሐሳቤን ከአፎቻው ሴቶች አንዷ ለሆኑት እናት አጫወትኳቸው። ሰሙኝና፦ «አቦ ልጄ፣ ጉሮሮዋ አይደለም የሚያስፈራኝ፤ እጇ ነው» አሉኝ። ስመረምረው እውነት አላቸው። የሰው ድምፅ ጠርዙ ለስላሳ ነው፤ ጥቂት ቢዘገይ ሌሎቹ ይሸፍኑታል። የከበልም ሆነ የጭብጨባ ምት ግን አጭርና ስለታም ነው። የሰከንድ ሦስት መቶኛ እንኳ ቢዘገይ እንደ ሁለተኛ ምት ይሰማል፤ ሰባቱ ትክክል ቢመቱም ስምንተኛው ይጋለጣል። እኛ ደግሞ ነገሩን ገልብጠን «ዜማውን ያልቻለ ያጨብጭብ» እንላለን። ለጀማሪ ቀላል ነው ብለን የምንሰጠው ሥራ ስሕተትን ፈጽሞ የማይደብቀው ሥራ ነው። ጉዳት ቢመጣ የሚመጣው በዚህ በኩል ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ «አዲሱ ሰው ሌሎቹን ቢጋርድስ?» ብዬ ተቃራኒ ምሳሌ አንስቼ ራሴን ሞገትኩ። እ.ኤ.አ. በ1962 ጎረቤታችን ድሬዳዋ ላይ አፍራን ቀሎ የተባለ የኦሮምኛ ሙዚቃ ቡድን ተመሠረተ። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ የነበረ ልጅ ተቀላቀለው። ልጁ መጀመሪያ በዘፈነው ዘፈን ስም ዓሊ ቢራ ተባለ፤ በኋላም በኦሮምኛ፣ በሐረሪኛ፣ በሶማሊኛና በሌሎችም ቋንቋዎች የሚዘፍን ታላቅ ድምፃዊ ሆነ። በ2022 ሲያርፍ አገር አዘነ። ይህ ጭማሪ ጠቀመ ወይስ ጎዳ? ዛሬ አፍራን ቀሎ ሲነሳ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚጠራው እሱን ነው፤ የአንዱ ስም የብዙዎቹን ጋርዷል። በሌላ በኩል የቡድኑ ስም ከምሥራቅ አልፎ እንዲዘልቅ ያደረገውም እሱ ነው። ብዙ ካወጣሁ ካወረድኩ በኋላ ያሳመነኝ ይህ ነው፦ ቡድኑ ልጁን የተቀበለው ሳይበስል ነው፤ ያበሰለውም ራሱ ነው። የተዘጋጀ ኮከብ ቢፈልግ ኖሮ ዓሊ ቢራን አያገኝም ነበር።

ስለዚህ «አዲሱ ሰው ምን ዓይነት ነው?» ከሚለው ይልቅ «ቡድኑ ለማያውቅ ሰው ቦታ አለው?» የሚለው ጥያቄ ይቀድማል። ፈረስ መጋላ ላይ በመድኃኔ ዓለም ማኅሌት ሲቆም መሪው ያነሳል፣ ቀኝና ግራ ይቀባበላል፤ ጀማሪው እየሰማ ይከተላል እንጂ ለመምራት አይቸኩልም። ዚክሪ ቤትም ወጣቱ ከታችኛው ነደባ ሆኖ መቀበሉን ይለማመዳል። እምነታቸው የተለያየ ቢሆንም በሁለቱም ዘንድ አዲስ ሰው የሚገባው በመቀበል በር ነው። እንዲህ ያለ በር ያለው ቡድን አዲስ ሰው ሲመጣ አይናወጥም።

አንድ የመጨረሻ ጥርጣሬ ቀረኝ፦ «እንዳለ ይቆይ» የሚሉት ሴቶችስ? ዜማውን ስለሚወዱ ነው የሚፈሩት፤ እኔም አከብራቸዋለሁ። ነገር ግን «እንዳለ» የሚባል ምርጫ የለም። ዛሬ ሰባት የሆኑት ከዓመታት በኋላ አምስት ይሆናሉ፣ ትንፋሻቸውም ያጥራል። ሌሊቱን ዚክሪ የሚደምቅበት የሐረሪዎች የሸዋሊድ በዓል በ2023 በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍሯል፤ መዝገቡ ግን ዜማ አያወጣም፣ አይቀበልምም። በቃል የሚኖር ነገር የሚተርፈው ከሚያውቁት ጋር ተቀምጦ በሚማር ሰው ነው። የሚነጻጸረውም ልጅቱን ያስገባው ቡድን ከዛሬው ቡድን ጋር ሳይሆን፣ ማንንም ሳያስገባ ከሚያረጀው ቡድን ጋር ነው።

ሴቶቹ ሐሳቤን ቢጠይቁኝ የምለው ይህንን ነው፦ አስገቧት። መጀመሪያ ተቀባይ ትሁን፤ ከበሉንና ከበሮውን እጇ ልክ እስኪይዝ አቆዩባት፤ ለማውጣትም አታስቸኩሏት። የመጀመሪያዎቹ ወራት ዜማው ጥቂት ሊንገጫገጭ ይችላል፤ ይህን መታገሥ ተገቢ ነው። ያ ትዕግሥት የጠፋበት ቡድን ስምምነቱን የሚያጣው ሰው ስለጨመረ ሳይሆን ተተኪ ስላልጨመረ ነው።