የጨርጨር ተራሮች አማና

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም



አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሙልክ መደምደሚያ ላይ ውሃችን ወደ ጥልቅ ቢሰምጥ የሚፈስ ውሃ ማን እንደሚያመጣልን ይጠይቀናል። ለሐረርጌ ሰው ጥያቄው እንግዳ አይደለም። በምሥራቅ ሐረርጌ የሐረማያ ሐይቅ ሐረር ከተማን ለብዙ ዓመታት ካጠጣ በኋላ በ1990ዎቹ ማለቂያ ደረቀ። ከተራቆቱት ኮረብቶች የታጠበው አፈር ሞላው፤ ለጫትና ለአትክልት የሚሳበው፣ ለከተማም የሚወሰደው ውሃ ከመጠን አለፈ። በ2010ዎቹ በአላህ እዝነት ውሃው ተመልሷል። እዝነቱ ግን ዳግም ለመዘናጋት ፈቃድ አይደለም።

በምዕራብ ሐረርጌም የጨርጨር ተራሮች ውሃ በሰሜን ወደ አዋሽ፣ በደቡብ ወደ ዋቢ ሸበሌ ይወርዳል። የጭሮ (አሰበ ተፈሪ)፣ የሂርና፣ የበዴሳና የገለምሶ ኑሮ ከነዚህ ተራሮች ጋር የተሳሰረ ነው። ዛፉ ሲመነጠር ዝናቡ አፈሩን ጠርጎ ይሮጣል። ትርፉ በክረምት ጎርፍ፣ በበጋ የነጠፈ ምንጭ ነው።

ብዙዎቻችን ጥፋቱን በገበሬው ላይ እንጥላለን። ቡኻሪ የዘገቡትን የመርከቡን ሐዲስ እናስታውስ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ መርከብ ከላይና ከታች የተሳፈሩ ሰዎችን በምሳሌ አንስተዋል። የታችኞቹ ውሃ ለማግኘት የላይኞቹን ላለማስቸገር ብለው ወለላቸውን ሊበሱ አሰቡ። ዝም ቢባሉ ሁሉም ይሰጥማሉ፤ ቢከለከሉ ሁሉም ይድናሉ። ወገኖቼ! ከተራራው ሥር ያለነው የከተማ ሰዎች የታችኞቹ ነን። የምንገዛው የከሰል ጆንያ የጋራ መርከባችንን ይበሳል። የቆረጠው ሌላ ቢሆንም ያስቆረጠው የኛ ብር ነው።

ከሰል ተሸክማ የምትመጣውን እናት መኮነን ግን ፍትሕ አይደለም፤ ልጆቿን የምታበላው በዚያ ነው። ሌላ እንጀራ እንድታገኝ ማገዝ ሰደቃ ነው። ኤሌክትሪክ ያለው ከሰሉን ይቀንስ። ከጫትና ከቡና ያተረፈ ነጋዴ ለችግኝና ለእርከን ሥራ ያውጣ። ኢማሞቻችን ጉዳዩን በጁሙዓ ኹጥባ ያንሱ። ምንጭ ዳር መጸዳዳት በሐዲስ የተወገዘ መሆኑንም ለልጆቻችን እናስተምር።

ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት፣ ሙስሊም ከተከለው ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላለት ሰደቃ ይሆንለታል። የቂያማ ዕለት ስለ ውሃው ስንጠየቅ «ተራራው የገበሬው ነበር» የሚል መልስ የሚያድነን አይመስለኝም።

አላህ ምንጮቻችንን ይጠብቅልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።