ቅንጣቷ ስለ ሙሉው ምን ትመሰክራለች?

ከጡት የተወሰደች ቅንጣት ሥጋ ስለ ቀረው ጡት ምን ያህል ታስረዳለች? ያዩትን ይዞ ስላላዩት መናገር መቼ እንደሚገባ ፈላስፎች ሲከራከሩበት የኖሩት ጥያቄ እዚህ ላይ የሕይወት ጉዳይ ይሆናል። እህል ነጋዴ እፍኝ ጤፍ ዘግኖ ጆንያውን ይገምታል፤ ግምቱ የሚሠራው ግን ጤፉ ወጥ ከሆነ ነው። ጡት ወጥ አይደለም። ስብ፣ የወተት ዕጢና ጠንካራ ሥጋ የተደባለቁበት በመሆኑ ካንሰሩ ከደህናው ጎን ተደብቆ ሊቀመጥ ይችላል።

በቀጭን መርፌ የሚደረገው ምርመራ ሴሎችን ብቻ ይስባል። ሴሎቹ ካንሰር መሆናቸው ሊታወቅ ይችላል፤ ከወተት ቱቦው አልፈው ዙሪያውን መውረራቸው ግን አይለይም፤ ሲሳቡ አቀማመጣቸው ፈርሷልና። ጠጣር እብጠት ደግሞ ሴል በቀላሉ አይለቅም፤ መርፌው ሲገፋውም ገሸሽ ይላል። ስዊድናዊው ራዲዮሎጂስት ፔር ጉናር ሊንድግሬን እ.ኤ.አ. በ1982 ያስተዋወቁት በስፕሪንግ የሚተኮስ መሣሪያ ለዚህ መፍትሔ ሰጠ። ጎኑ የተቦረቦረው የውስጥ መርፌ ይወረወራል፤ ስለታሙ ሽፋን ወዲያው ተከትሎ ቡርቡሩ ውስጥ የገባውን ሥጋ ይቆርጣል። ሁሉም በቅጽበት ስለሚያልቅ እብጠቱ የመሸሽ ፋታ አያገኝም። ለጡት የተለመደው 14 ጌጅ፣ ማለትም 2 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው መርፌ፣ አቀማመጡ ያልፈረሰ ቀጭን የሥጋ ዘለላ ያወጣል።

ከባዱ ነገር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አቲፒካል ደክታል ሃይፐርፕላዥያ የሚባለው ያልተለመደ የሴሎች መብዛትና ከቱቦው ያልወጣ ዝቅተኛ ደረጃ ካንሰር በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ከመለያዎቻቸው አንዱ ስፋት ነው፤ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ እንደ ድንበር ይወሰዳል። የሚፈለገው ዕውቀት ስፋቱ ራሱ ከሆነ፣ ስፋቱን የሚቆራርጥ መርፌ የቱንም ያህል ቢሳል አይበቃም፤ ብዙ ሥጋ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ የመጣው በቫኪዩም የሚሠራ መርፌ የተሠራው ለዚህ ነው። አንዴ ይገባና ቡርቡሩ በየአቅጣጫው እየዞረ፣ ሥጋውን እየሳበ ይቆርጣል፤ ከ14 ጌጅ የወፈረ 11 ወይም 8 ጌጅ ሊሆን ይችላል። ካንሰርን አሳንሶ የመገመት ስህተት በዚህ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

«ካንሰር አልተገኘም» የሚለው ውጤት ሁለት ፍች አለው፤ ካንሰር የለም፣ ወይም መርፌው ስቶታል። የትኛው እንደሆነ መርፌው ብቻውን ሊናገር አይችልም። ስለዚህ በማሞግራም (በጡት ራጅ) የታየው አጠራጣሪ የካልሲየም ነጠብጣብ ከናሙናው ጋር መውጣቱ፣ ናሙናው ራሱ ራጅ ተነሥቶ ይረጋገጣል፤ በቦታውም ትንሽ የብረት ምልክት ይቀመጣል። ከዚያ ራዲዮሎጂስቱና ፓቶሎጂስቱ ምስሉንና ውጤቱን ያስተያያሉ። ምስሉ አጥብቆ የሚያስጠረጥር ሆኖ የናሙናው ውጤት ደህና ከሆነ ጉዳዩ አልተዘጋም፤ ናሙናው እንደገና መወሰድ፣ ወይም ቦታው በቀዶ ጥገና ወጥቶ መመርመር አለበት።