ለሕሙማን የሚተጋ ሰው እንቅልፍ የማን ገንዘብ ነው?

እንቅልፍ ለሰው ልጅ ሁሉ በእኩል የተሰጠ ሀብት ነው፤ ንጉሥም ይተኛል፥ እረኛም ይተኛል። ነገር ግን ሌላው በሰላም ይተኛ ዘንድ ነቅቶ የሚያድር ሰው ቢኖር፥ የዚያ ሰው እንቅልፍ የማን ገንዘብ ነው? የራሱ ነውን? ወይስ የቤተ ሰቡና የጎረቤቱ?

ነገሩ በምሳሌ ይታይ። በኮልፌ ቀራንዮ፥ በልዕልት ዘነበ ወርቅ ስም በሚጠራው ሰፈር፥ አለርት የተባለው ሆስፒታል ይገኛል። ይኸውም የሥጋ ደዌን ሕክምናና ትምህርት ለማስፋፋት በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመ ነው፤ ዛሬ ግን ልዩ ልዩ ደዌ ያገኛቸው ሁሉ ይታከሙበታል። እንዲህ ባለ ስፍራ ሌሊቱን ስታገለግል ያደረች ነርስ ወደ ቤቷ በምትመለስበት ሰዓት ከተማው ለሥራ ይነሣል። ፀሓይ ቆርቆሮውን ታግላለች፤ በጎረቤት ቡና ይወቀጣል፤ በመንገዱም የታክሲ ረዳት «አየር ጤና! አየር ጤና!» እያለ ይጮኻል። ሥጋ በብርሃን ሊነቃ የተፈጠረ ስለ ሆነ፥ የቀን እንቅልፍ አጭርና ቶሎ የሚቋረጥ ነው። በዚህም ላይ የለቅሶ ጥሪ ይመጣል። ብትሄድ እንቅልፏ ይቀራል፤ ብትቀር «ኮራች» ትባላለች።

«ካህናትስ ማኅሌት ቆመው ያድሩ የለምን? እናትስ ለልጇ ትነቃ የለምን?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ትጋት ክብር ነው። ነገር ግን በማኅሌት አንዱ ቢያንቀላፋ ሌላው ያነሣለታል፤ የጎደለው ዜማ በባልንጀራው አፍ ይሞላል። ነርስ ግን መድኃኒቱን በመርፌ ስትሰፍር ብቻዋን ናት፤ የስሕተቷንም ፍዳ የሚቀበል በአልጋ ላይ ያለው ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1997 የአውስትራልያ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፥ 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው መጠጥ እንደ ቀመሰ ሰው ዓይኑና እጁ አይተባበሩለትም። ሰክሮ መድኃኒት የሚሰጠውን የሚነቅፍ ሕዝብ፥ እንቅልፍ አጥታ የምትሰጠውን ስለ ምን በማመስገን ብቻ ያልፋታል?

ነቢዩ ኤልያስ ደክሞ ከዛፍ በታች በተኛ ጊዜ መልአኩ አልገሠጸውም። እንጀራና ውኃ አቀረበለት፤ በልቶም ዳግመኛ ሲተኛ ተወው፤ የረዥሙን መንገድ ነገር የነገረው ከዚያ በኋላ ነው። ዕረፍት ከመላክ ይቀድማልና።

እንግዲህ የነርስ እንቅልፍ የእርስዋ ብቻ አይደለም፤ ስሙን ገና የማታውቀው የነገው ሌሊት ሕመምተኛ ድርሻ አለበት። ስለዚህ እርስዋ በከንቱ ልታባክነው፥ አለቃዋም በተራ ላይ ተራ ጨምሮ ሊወስድባት፥ ጎረቤቷም በወቀሳ ሊነጥቃት አይገባም። የዕድር ዳኛም የቀረችውን ከመቅጣቱ በፊት፥ ሌሊቱን የማንን ነፍስ ስትጠብቅ እንዳደረች ይጠይቅ። ከቀብር የቀረ ሰው በሠልስት ይደርሳል፤ ለታመመ ሰው በሌሊት የጎደለ ንቃት ግን በማግሥቱ አይከፈልም።